ዘጠነኛዋ ሰዓት

ኅዳር ነው፤ ደብረ ብርሃን። ውርጭ መስኮቴ ላይ ረግቶ፣
የኢንተርኔቱ ሳጥን ቀይ ዓይኑን ጨፈን ገለጥ አርጎ በርቶ፣
እኔ በሁለት ሹራብ፣ ጉልበቴን በጋቢ ጠቅልዬ፣
የማላውቀውን ሰው ድካም እዳኛለሁ ቁጭ ብዬ።

ስሙን ከልለውታል፤ እንዲህ ነው የቤቱ ሥርዓት፣
አገሩን አላውቅለት፣ ዕድሜውን አላውቅለት፣
የማውቀው አፈሩን ብቻ፦ ክረምት የሚያብጥ ዋልካ፣
እዚያም እንደ እነዋሪ ቤት ይሰነጥቃል ለካ!
ኖራና የገለባ አመድ ቀላቅሎ፣ ደልድሎ፣ ለክቶ፣
“ጸና” ይላል በልበ ሙሉ፣ ሃያ ሁለት ገጽ ሞልቶ።

ሠንጠረዥ አራት ላይ ቆምኩ።
አምስቱን ናሙና ደመርኩ፣ ለአምስት አካፈልኩ።
አማካዩ አይመጣም።
        እንደገና።
                አይመጣም።

ለሦስት ገምጋሚ ልኬ ነበር። አንዱ “ጊዜ የለኝም” አለ፣
ሁለተኛው ከመስከረም ጀምሮ ዝም እንዳለ አለ፣
ሦስተኛው በሁለት መስመር “ግሩም ነው፣ ይታተም” ብሎ፣
ርእሱን እንኳ ያነበበ አይመስልም፤ ሄዷል ቸኩሎ።

እትዬ ሸዋረገድ፣ አከራዬ፣ ሳያንኳኩ ብቅ አሉ፤
“ስድስት ሰዓት ሆነ ልጄ፤ ቆጣሪው ይሮጣል” አሉ፤
“ለመሆኑ ለዚህ ሌሊት ስንት ብር ይሰጡሃል?”
“ምንም።”
“በወር ነው የሚከፍሉህ?”
“በወርም፣ በዓመትም፣ ምንም።
ስሜ ጥግ ላይ ይጻፋል፣ በደቂቅ ፊደል፤ እሱንም
ከወንድሜ በቀር የሚያነበው የለም።”

“በነጻ ሌሊት የሚነቃ ወይ መነኩሴ ነው ወይ ሌባ”
ብለው ካልጋዬ ጫፍ ተቀመጡ፤ ቆጣሪው ተረሳ፣ ጨዋታ ገባ።
ሠንጠረዡን አሳየኋቸው። አያነቡም እንግሊዝኛ፤
ስህተትን ግን ያውቋታል፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የጨርቅ ዳኛ፣
ከብርድ ልብሱ ፋብሪካ፣ ከመጨረሻው ጠረጴዛ፤
ሱፉ ዛሬም ከጃቸው አለ፣ ይሸታል ሲነካው ጤዛ።

“ዓይን ይሸነግላል ልጄ፤ እኔ በመዳፌ ነበር።
የሳተች ክር ካገኘሁ ወደ ኋላ ነው፤ አታልፍም ነበር።
ደወሉ ተደውሎ፣ ስምንት ሰዓቱ ሲሞላ፣
ሴቶቹ ወደ በሬሳ ሲወርዱ፣ እቀር ነበር ኋላ።
ስምንቱን መንግሥት ከፈለኝ። ዘጠነኛዋን ግን፣ እንጃ፣
ብርድ ያልቀሰቀሰው ልጅ፣ መሐል ሜዳ ይሁን የትም፣
እሱ ይከፍለኛል እል ነበር። ይክፈለኝ አይክፈለኝ አላውቅም።”

ዝም አልን። ከአስፋልቱ በኩል
ወደ ጣርማ በር የሚሄድ ከባድ መኪና አቃሰተ።

“ውድ ደራሲ” አልኩ። አንተ ነህ፣ አንቺ ነሽ? በእንግሊዝኛው አይጠየቅም፤
እኔ ግን ባማርኛ ነው የማስበው፤ “እርስዎ” ባይኖር አይሆንልኝም።
“ሐሰት ነው” ማለት ይቀላል። አላልኩም።
“ናሙና ሦስትን እንደገና ይመዝኑልን፤ ምናልባት
ሚዛኑ ይሆናል” አልኩ። ተበዳይም በዳይም የሚወጣበት
አንዲት በር ይተዋል ሽማግሌ፤ እርቅ እንዲያ ነው ባገሬ፤
ከበሩ ግን ወዲህ አላልፍም፤
ቤት የሚያቆም ሰው አለ ነገ በዚያ መረሬ።

እትዬ ሸዋረገድ ሊነሡ፣ እጃቸው አልጋዬን ዳሰሰ፤
መዳፋቸው ሄደ፣ ቆመ፣ ደግሞ ተመለሰ።
ያ ግራጫ ብርድ ልብስ፣ ከቤቱ ጋር የተከራየሁት፣
ከጠርዙ ስንዝር ገባ ብሎ፦
        “አይ! ይቺን እኔ ነኝ ያሳለፍኳት።”
ገለበጡት። ማኅተሙ ደብዝዟል፤ አስራ ሰባት፣ የሳቸው ቁጥር።
ሁለት ክረምት ተኝቼበት አላወቅኳትም፣ ያቺን ክር።

ቆጣሪውን ሳያነሡ ወጡ፤ በሩንም አልዘጉት።

እኔም ደብዳቤውን ሳልልክ፣ አምና ያሳለፍኩትን ከፈትኩ፤
የድልድይ ምሰሶ ጥናት፣ በስሜ “ይታተም” ያልኩት።
ሠንጠረዥ አንድ።
በእርሳስ፣ ከላይ ወደ ታች፣
መደመር ጀመርኩ።